እስከ መጨረሻው

ጉሙ ከጣርማ በር ቁልቁል ተንዶ፣
ደብረ ሲናን ሁሉ ሸፍኗት ማልዶ፣
የጋራዡን ቆርቆሮ ገና ሳናነሳ
ደብሪቱ ደረሰች፣ መኪናዋ ስታገሳ።

መኪናዋ ያቺው ፒክአፕ ናት፤ ነጭ ነበረች ድሮ፣
ሦስት ጌታ ቀብራለች፤ በሯ በሽቦ ታስሮ፣
መስኮቷ በሹካ ተይዞ፣ አንድ ዓይኗ ጠፍቶ፣
ሞተሯ ግን ይነሳል ቁሩን ብርዱን ረትቶ።

«የሞላሌ ድንጋይ ሆዷን ፍቆ ፍቆ
ዲፈረንሻሏ ታየኝ ቀለሙ አልቆ፤
ትልልቅ ጎማ አምጥቻለሁ፣ ከጨረታ ያነሳሁት፣
እሰሩልኝ» አለች፣ «ምስር ነው የምጭነው፣ ገና ያልሸጥኩት።»

እኔ ፈጠን አልኩ፤
አራቱንም ቸርኬ በአንድ ሰዓት ጨረስኩ።
ክሪኩን ሳወርደው ሁለት ጣት ከፍ ብላ
ቆመች እንደ አዲስ ሹም ትከሻዋን ሰቅላ።
ግቢውን ሄድኩባት፣ ቀጥ ብዬ መጣሁ፤
«አይነካም» አልኩና እጄን ልታጠብ ወጣሁ።

ጋሽ ሸዋንግዛው ከባትሪ ሳጥኑ ላይ ሳይነሳ፦
«መሪውን ጠምዝዘው።»
ጠመዘዝኩ።
«እስከ መጨረሻው።»
ክርርር —
ከፓራፋንጎው ጥግ ጥቁር ብናኝ ረገፈ፣
የጧት ኩራቴ ሁሉ ከብናኙ ጋር አለፈ።

«ባዶ መኪና» አለኝ፣ «ቀጥ ባለ ሜዳ፣
ማንን ነክቶ ያውቃል? ሁሉ ጨዋ እንግዳ።
አንድ እግሯን ድንጋይ ላይ ስቀል፤ አስር ኩንታል ጫን፤ አዙራት፤
ያኔ ‹አይነካም› በለኝ፣ እኔም ልመንህ በእውነት።»

ጆንያ አልነበረም። አውቶቡስ የሚጠብቁ
ቆሎ ሻጮች ጠራን፤ ከነቅርጫታቸው ወጡ፣ ሳቁ፤
አንድ ዲያቆን ወጣ፤ አንድ ትራፊክ ፖሊስም
«ትርፍ ነው ይሄ» እያለ፣ ሳይወጣ ግን አልቀረም።
ጎማውን ጠመኔ ቀባን፤ መሪውን ዞር ስናደርጋት
ጠመኔው የታተመበት ብረት — ጥፋቱ ያለበት።

ከዚያ ሥራው ጀመረ። ፕላስቲኩን በጣት በጣት ቆረጥን፣
የጭቃ መከላከያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረግን፤
የፓራፋንጎውን ከንፈር ግን መዶሻ አላስነካኝም፤
«ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ አይድንም።»
የዶማ እጀታ ሰካ በብረቱና በጎማው መሃል፣
«ንዳት» አለኝ፣ «በቀስታ፤ ክብደቷ ራሱ ያጥፈዋል።»
ታጠፈ ወደ ውስጥ፣ ሳይጮህ፣ ሳይሰበር፣ በትዕግሥት፣
ጥርስ እንደሌለው አፍ ለሰለሰ ያ ስለት።

ከሰዓት በኋላ ለባሌስትራው ቅጠል ልንጨምር
ጠረጴዛው ጋ ቆመን፣ ሞርሳዋን ሳጠብቅ፣ ሳዞር፣
ክርናችን ተጋጨ።
እንደ ወትሮው።
አሥራ ሦስት ዓመቴ ስመጣ ደረቴ ጋ ነበር ጠረጴዛው፤
ዛሬ ሃያ ደፍኜ፣ ትከሻዬ ሰፍቶ፣
እሱ ይነጫነጫል፣ እኔ አኮርፋለሁ፣ ይመሻል እንዲህ ነግቶ።

ደብሪቱ ከፈለች፣ ቆጥራ፣ ደግማ ቆጥራ።
በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብሎ መከራት፦
«ቆጣሪሽ ከዛሬ ጀምሮ ይዋሻል፤ ስድሳ ሲልሽ ስድሳ አምስት ነሽ፤
ፍሬንሽም ይከብደዋል፤ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ።»
«ግድ የለም» አለች ስቃ፣ «ዕድሜዬን የጠየቀኝ እንደሆን
እኔም አምስቱን ትቼ ነው የምነግረው ሰውን።»
መሪውን አዞረች፣ እስከ ጥግ፤ ብረቱ ድምፅ አላሰማም።
የኋላ መብራቷ ጉሙ ውስጥ ቀልቶ ጥቂት ታየ፤ ከዚያ እሱም የለም።

በነጋታው ማልጄ ስገባ፣ እሱ ቀድሞኝ ኖሮ፣
ሞርሳዋ ተነስታለች፤ ቡሎኗ በአዲስ ዳዶ ታስሮ፣
አንድ ስንዝር ያህል ወደ ግድግዳው ተጠግታለች፣
በቀድሞ ቦታዋ ላይ አራት ባዶ ቀዳዳ ትታለች።

ምንም አላለኝም። እኔም አልጠየቅሁት።
ሞረዱን አነሳሁ፣
ክርኔን ዘረጋሁ —
እስከ መጨረሻው።